አንዴ ብቻ ያለቀለቅኳቸው ብልቃጦች

አስቀድሜ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነውን ሰዎች ልጥቀስ።

አቶ ወልዴ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። ዶክተር ሰላማዊት የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ናቸው። ነጃት የቀበና ልጅ ናት፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን እኛ ዘንድ ትሠራ ነበር። አስቴር ባለቤቴ ናት። ሊዲያ የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መገናኛ አካባቢ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኔ ታደለ እባላለሁ። የዕቃ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ያወቅሁት የጠርሙስ ላይ ጽሑፍ፣ የመሣሪያ መመሪያና ሰው የጣለውን መጽሐፍ በማንበብ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ላቦራቶሪው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ከጓሮው የባሕር ዛፍ ተዳፋት ይጀምራል። አቶ ወልዴ የጎማ ሽርጥ፣ ወፍራም ጓንትና ሦስት ዓይነት ብሩሽ ሰጡኝና ከገንዳው ፊት አቆሙኝ።

«መጀመሪያ በሳሙና ታሻለህ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ ታለቀልቃለህ። ስድስት ነው። አምስት አይደለም» አሉኝ።

«ለአንድ ብርጭቆ ስድስት ጊዜ?» አልኩ። ወጣት ነበርኩ፤ ነገሩ አሳቀኝ።

«አንተ፣ ቤትህ ባጠብከው ብርጭቆ ሰው ይጠጣበታል። ሳሙና ቢቀርበት ሆዱን ቆርጦት ያልፋል። እዚህ ግን ውስጡ የሚገባው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ ሳሙና ከቀመሰ ይሞታል። ሞቶም ያሳስታል። ተመራማሪው ደግሞ መድኃኒቴ ገደለው ብሎ ይጽፋል።»

ያን ቀን ሁለት መቶ ያህል ዕቃ አጠብኩ። አቶ ወልዴ ከኋላዬ ቆመው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥሩ ነበር።

ከዕቃ አጣቢነት ወደ ማብቀያ አዘጋጅነት አደግሁ። ማብቀያ ባክቴሪያ የሚበቅልበት፣ እንደ ጄላቲን የሚረጋ ምግብ ነው፤ በክብ ሳህን ላይ ይፈስሳል። አውቶክሌቭ የሚባለውን፣ በእንፋሎት ጀርም የሚገድለውን ትልቅ ድስት ማሠራትም ተማርኩ። አቶ ወልዴ ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ለእኔ ተሰጠ። በሥሬ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ጥብቅ አለቃ ነበርኩ፤ እነሱም ይህን አይክዱም። ከላቦራቶሪ አንዲት ጥጥ እንኳ ይዞ የወጣ ሰው ከእኔ ጋር ችግር ውስጥ ይገባ ነበር። ቤቴም ውስጥ እንዲሁ ነበርኩ። በቤተ ክርስቲያናችንም ለወጣቶች ስለ ታማኝነት ያስተማርኩባቸው ዓመታት አሉ።

አንድ ነገር ግን ከአቶ ወልዴ ሳይሆን ከችግር ተማርኩ። ካርቶኑ ላይ «አንዴ ተጠቅመው ይጣሉ» የሚል የተጻፈበትን ዕቃ አልጥልም። አጥቤ፣ በአውቶክሌቭ ቀቅዬ፣ መልሼ ወደ መደርደሪያ አወጣለሁ። በተለይ ትንንሾቹን ባለ ጎማ ክዳን ብልቃጦች። ሌላ ቦታ ጥናት የሚቆመው ብልቃጥ አለቀ ተብሎ ነው፤ እኛ ዘንድ ቆሞ አያውቅም። በዓመታዊ ስብሰባ ላይ ዶክተር ሰላማዊት ስሜን ጠርተው «አቶ ታደለ ባይኖሩ ግማሹ ጥናት አይሠራም» ብለዋል። ያን ቃል ለረጅም ጊዜ ይዤው ኖርኩ። አሁን ሳስበው፣ ከተመሰገንኩ ወዲያ የሚቆጣጠረኝ ሰው የማያስፈልገኝ መስሎኝ ነበር።

የተጣራ ውሃ የምናገኘው ከአንድ አሮጌ ማጣሪያ ነው። መብራትም ውሃም ይፈልጋል። በእኛ ሰፈር መብራት ሲኖር ውሃ ይጠፋል፣ ውሃ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ሁለቱም ባሱ። የተጣራው ውሃ ለማብቀያና ለተመራማሪዎች እንዲበቃ ከማጠቢያው ላይ መቀነስ ጀመርኩ። ሦስቱን ሁለት አደረግሁት። ከዚያ አንድ።

በዚያው ሰሞን በረኪና ጠፋ። በምትኩ በእርዳታ የመጣ ሰማያዊ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ በጀሪካን ተሰጠን። ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ከመስታወት ጋር እንደሚጣበቅና በብዙ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። አላነበብኩም ብል ይቀለኝ ነበር። አንብቤዋለሁ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቼ አያለሁ፤ አረፋ ከሌለ ጠራ እላለሁ።

ነጃት የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

የነጃት ጥናት ስለ ናኖ ቅንጣቶች ነበር። ናኖ ቅንጣት ተራ ማይክሮስኮፕ የማያሳየው እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። የእሷ ከብር ማዕድን የሚሠራ ነው። የብር ጨው በተጣራ ውሃ ታሟሟለች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅላ ያጠለለችውን ውሃ ታንጠባጥብበታለች። ፈዛዛ ቢጫው ቀስ እያለ ቡናማ ይሆናል። ቀለሙ ብሩ ወደ ደቃቅ ቅንጣት መሰብሰቡን ያሳያል። ቅንጣቱ የባክቴሪያውን ግድግዳ ያበላሻል፣ ወደ ውስጥም ይዘልቃል። ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲኮቻችንን እየለመዱ ነው፤ ይህኛው ግን በብዙ በኩል ስለሚመታ ቶሎ አይለምዱትም የሚል ተስፋ አለ። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ነጃት ናት። ስታስረዳ አትንቅም፤ ደግሜ ስጠይቃት ደግማ ትነግረኛለች።

ቅጠሉን ለመልቀም አንድ ቀን አብሬያት ወጣሁ። ተዳፋቱ ላይ አንድ ጥበቃ አስቆመን።

«ቅጠሉን ምን ልታደርጉት ነው?»

«መድኃኒት ልንሠራ» አለች ነጃት።

«ለጉንፋን? እኛም ቤት እንታጠንበታለን።»

«ለጉንፋን አይደለም። መድኃኒት አልገድል ላለው ባክቴሪያ ነው።»

ጥበቃው የያዘችውን ፌስታል አየና «ታዲያ በዚህች ትችዪዋለሽ? ሌላ ፌስታል ልስጥሽ?» አላት። ነጃት ሳቀች፤ ሁለተኛውንም ተቀበለች።

ሙከራው ቀላል ነው። ስታፍ የሚባለው፣ ቁስል የሚያመግል ባክቴሪያ በሳህኑ ማብቀያ ላይ ይቀባል። በወረቀት መብሻ የተበሱ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በናኖው ፈሳሽ ይነከሩና ሳህኑ ላይ ይቀመጣሉ። ሳህኑ ኢንኩቤተር በሚባለው የሙቀት ሳጥን ውስጥ ያድራል። ፈሳሹ ባክቴሪያ የሚገድል ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ በማስመሪያ ይለካል። ነጃት ለማነጻጸሪያ በባዶ የተጣራ ውሃ የተነከረ ወረቀትም ታስቀምጣለች። ያን ውሃ የምትቀዳው ከትልቁ ጠርሙስ ነው። ናኖው ፈሳሽ ግን የሚቀመጠው እኔ ባጠብኳቸው ትንንሽ ብልቃጦች ነበር።

የመጀመሪያው ውጤት ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር። ዶክተር ሰላማዊት ራሳቸው መጥተው ደግመው ለኩት።

«ይሄ ስታፍ ብዙ መድኃኒት የለመደው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ ዶክተር። እሱ ነው» አለች ነጃት።

ዶክተሯ ማስመሪያውን መልሰው አንስተው ሦስተኛ ለኩት። እሳቸው ሦስተኛ ከለኩ ነገሩ ትልቅ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ነጃት ደብተሯን ይዛ ማጠቢያ ክፍል መጣች።

«ጋሼ፣ ብልቃጦቹን ስንት ጊዜ ነው የሚያለቀልቋቸው? አሠራሩን የምጽፍበት ቦታ ላይ ላስገባው ብዬ ነው።»

«አንቺ ሳትወለጂ ብልቃጥ አጥቤያለሁ። በደንብ ታጥቧል ብለሽ ጻፊ።»

«እሺ ጋሼ። ይቅርታ፣ ለማስቸገር አልነበረም።»

እንዳልኳት ጻፈች። በእኛ አስተዳደግ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ቁጣዬ የመጣው መልሱን ስለማውቀው ነበር።

በሐምሌ ሊዲያ ተጎዳች። መገናኛ ታክሲ ለመያዝ ስትሮጥ፣ የፍሳሽ ቦይ ላይ የተጋደመ የተቀደደ ላሜራ የግራ እግሯን ከጣቶቿ ሥር ቆረጣት። ጤና ጣቢያ ተሰፋላት። በሳምንቱ አበጠ፣ መግል ያዘ። የታዘዘላትን ክኒን ጨረሰች። ሌላ ታዘዘላት፤ እሱንም ጨረሰች። ከዚያ ሆስፒታል ሄድን፤ ከቁስሏ ናሙና ወሰዱ። ናሙናው የሚመረመረው እኛ ላቦራቶሪ እንደሆነ የናሙና ቁጥሩን ስሰማ አወቅሁ።

ናሙና ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ማወቅ የለብንም። እኔ ግን ቁጥሩን ይዤው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከኢንኩቤተሩ ሳህኖች ሲወጡ ፈለግሁት። የመድኃኒት ወረቀቶቹ በክብ ተደርድረዋል። ባክቴሪያው ከሁለቱ በቀር ሁሉንም ወረቀቶች እስከ ጠርዛቸው ከብቦ በቅሏል። በእነሱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት የለም። ያን ዓይነት ሳህን ለዓመታት አይቻለሁ፤ አይቼም ወደ መጣያው ወስጃለሁ። ያን ቀን ሳህኑን መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ከጎኑ ባለው መደርደሪያ የነጃት ሳህን ነበር። ያው ዓይነት ባክቴሪያ፣ ትልቅ ጥርት ያለ ቀለበት።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ነው። ነገሩን በግልጽ ነገረን።

«አባት፣ የሚሠራላት መድኃኒት አለ። በደም ሥር ነው የሚሰጠው፤ በቀን ሁለት ጊዜ። አሁን አልጋ የለም። አልጋ እስኪገኝ ጠዋትና ማታ ታመጧታላችሁ። ሰኞ እንጀምር። ወደ አጥንት ከገባ ከባድ ነው፤ አትዘግዩ።»

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ከዚያ በአንድ እግር መውረድ፣ ሁለት ታክሲ መያዝ፣ ተሰልፎ መጠበቅ፣ መመለስ፣ ማታ ደግሞ እንደገና። ሊዲያ ከሐኪሙ ክፍል ስንወጣ ግድግዳ ተደግፋ «አባዬ፣ እኔ ይሄን አልችለውም» አለችኝ። ልጄ በቀላሉ አልችልም የምትል አይደለችም።

ዓርብ ከሰዓት ነጃት ለሰላት ስትወጣ፣ ከእሷ መደርደሪያ ላይ ናኖው ፈሳሽ ያለበትን አሥራ አራት ቁጥር ብልቃጥ ወሰድኩ። በሸሚዝ ኪሴ ከተትኩት። በታክሲ ውስጥ እስከ አባዶ ድረስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ልብዎን ያምዎታል እንዴ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።

ቤት ስደርስ ለአስቴርና ለሊዲያ «ይህን ዶክተር ሰላማዊት ናቸው የሰጡኝ» አልኩ። ለሰዎች ስለ ታማኝነት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ይህን ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ሆስፒታሉስ?» አለች አስቴር።

«አምስት ቀን እንሞክረው። ካልሆነ እንሄዳለን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙ አትዘግዩ ብሏል።»

«ሐኪሙ ይሄ መኖሩን አያውቅም። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር።»

አስቴር ሚሊ ሜትሩ ምን እንደሆነ አታውቅም። ግን እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ ስናገር አትከራከረኝም። ሊዲያም አባቴ የሚያውቀው ነገር ነው ብላ አመነችኝ። ከአራተኛ ፎቅ መውረድም ስለቀረላት ደስ አላት።

ፋሻውን በፈሳሹ አርሼ ቁስሉ ላይ አደረግሁ። ሁለተኛው ቀን መግሉ የቀነሰ መሰለኝ። ሦስተኛውም ቀን። ጠዋት ከሥራ በፊት ፋሻውን እፈታለሁ፣ አሸታለሁ፣ በማስመሪያ እለካለሁ፣ በትንሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሰኞ መጣ፤ ሆስፒታል አልሄድንም። አምስት ቀን ሲሞላ ቁስሉ አልከፋም፣ አልዳነምም። ሁለት ቀን እንጨምር አልኩ። ከዚያ ሌላ ሁለት። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን ዕቃ አስቀምጣለሁ። አንድ ብልቃጥ ሰብሬያለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ስሰብር የመጀመሪያዬ ነው ማለት ይቻላል።

በስምንተኛው ቀን ነጃት ኢንኩቤተሩን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አልዘጋችውም።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ። ቀለበቱ ጠፋ።»

ሄድኩ። ቀለበት አለ፤ ግን ቀጭን ነው። ለካችው፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። ወረቀቱ ራሱ ስድስት ነው።

«ቅጠሉ ይሆን? በክረምት የተለቀመ ስለሆነ?» አለች። «ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ያደረግሁት ለውጥ የለም። ብልቃጡ ብቻ ነው አዲስ። ዶክተር ያመጡልኝ፣ ያልተከፈተ ካርቶን።»

«ብልቃጡ አዲስ ነው?»

«አዎ፣ የታሸገ።»

ሌላ ምንም አልጠየቅኋትም። ወደ ማጠቢያ ክፍል ተመልሼ በሩን ዘጋሁና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። እኔ ካጠብኳቸው ብልቃጦች አምስት፣ ከአዲሱ ካርቶን አምስት ወሰድኩ። በሁሉም ውስጥ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨመርኩ። ብር የለም፣ ቅጠል የለም። ጥቂት አቆይቼ ወረቀቶች ነከርኩባቸው፤ ስታፍ በተቀባ ሳህን ላይ ደረደርኳቸው፤ ሳህኖቹን ኢንኩቤተር ውስጥ አስገባሁ። የቀረው እስኪነጋ መጠበቅ ነው። ያን ቀን ቤት ደርሼ የሊዲያን ፋሻ ስፈታ ትንሹ ጣቷ ጠቁሯል። ግንባሯ ይፋጃል።

«ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኩ።

«ዛሬ ለምን አንሄድም?» አለች አስቴር።

እውነቱን ልናገር። የሳህኑን ውጤት ሳላይ መሄድ አልፈለግሁም። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ ብሩ ይሠራ ይሆናል የሚል ነገር ውስጤ ቀርቶ ነበር። ይህችን የመጨረሻ ቀን ከሁሉም በላይ አፍርባታለሁ።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ላቦራቶሪ ነበርኩ። ሳህኖቹን አወጣሁ። በአዲሶቹ ብልቃጦች ውሃ ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ በቅሏል። እኔ ባጠብኳቸው ብልቃጦች ውሃ ዙሪያ ትልልቅ ጥርት ያሉ ቀለበቶች አሉ። ስታፉን ሲገድል የኖረው ብሩ ብቻ አልነበረም። አንዴ ብቻ ያለቀለቅሁት ሰማያዊ ፈሳሽም ነበር።

ለአስቴር ደወልኩ። «ታክሲ በኮንትራት ያዢና አውርጃት። እኔም ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

ያው ወጣት ሐኪም ነበር። ፋሻውን ፈትቶ አየና ቀና አለ።

«ለምን ሰኞ አልመጣችሁም? ይሄ ቡናማ ነገር ምንድን ነው?»

ሊዲያ ወደ እኔ አየች። አስቴርም።

«ከመሥሪያ ቤቴ የሰረቅሁት ነው» አልኩ። «የብር ናኖ ቅንጣት ነው። ለሰው ያልተሞከረ ነው። ጀርም ገዳይ ፈሳሽም ተቀላቅሎበታል። ኃላፊዬ አልሰጡኝም፤ ለእነሱ ግን ሰጡኝ ብዬ ዋሽቻለሁ።»

አስቴር «ታደለ» አለችና የሊዲያን እጅ ያዘች።

«ስንት ቀን?» አለ ሐኪሙ።

«ከቀጠሯችን በፊት ካለው ዓርብ ጀምሮ።»

«አባት፣ የቀባችሁት ነገር ብዙም የጎዳት አይመስለኝም። የጎዳት መድኃኒቱን ሳታገኝ የቀረችባቸው ቀናት ናቸው።» ይህን ሲል አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አልጋ በዚያው ቀን ተፈለገ፤ ተገኘ። ኢንፌክሽኑ የሁለት ጣቶቿ አጥንት ውስጥ ገብቷል። በማግስቱ ቆረጧቸው። መድኃኒቱ በደም ሥሯ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የቀረው እግሯ መዳን ጀመረ። ያ መድኃኒት በመጀመሪያው ሰኞ ሊሰጣት ይችል የነበረው ነው።

ሊዲያ ከሰመመን ነቅታ ያለችኝን ልጻፍ። «አባዬ፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ የጎረቤት እርሳስ ይዤ ስገባ ለሦስት ቀን አላናገርከኝም። አሁን እኔ ስንት ቀን ልዝጋህ?»

«የፈለግሽውን ያህል» አልኳት።

«ስድስት» አለች። ስድስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በሰባተኛው ቀን ውሃ አቀብለኝ አለችኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ ላቦራቶሪ ተመልሼ ሳህኖቹን ዶክተር ሰላማዊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ስለ ሰማያዊው ፈሳሽ፣ ስለ አንዴ ማለቅለቁ፣ ስለ ጀሪካኑ ጽሑፍ ነገርኳቸው። ነጃትም ተጠርታ ገባች። ዶክተሯ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ አቶ ታደለ። ሌላ አለ?»

«አለ። አሥራ አራት ቁጥር ብልቃጥን ወስጃለሁ። የልጄ ቁስል ላይ አድርጌዋለሁ።»

ዶክተሯ የነጃትን ደብተር ሳቡና ገለጡ። አሥራ አራት ቁጥር ፊት ለፊት በነጃት እጅ «ተሰብሯል» ተብሎ ተጽፏል።

«ነጃት፣ ሲሰበር አይተሻል?»

ነጃት አንገቷን ደፋች። «አላየሁም ዶክተር። ጠፍቶ ሳገኘው ጋሼ የሰበሩት መሰለኝ። ሰሞኑን ሌላ ብልቃጥ ሰብረው ነበር። ብጠይቃቸው ያፍራሉ ብዬ ነው።»

ስለ እኔ ብላ የጥናት ደብተሯ ውስጥ ያላየችውን ጽፋለች። ከሰረቅሁት ብልቃጥ ይልቅ ይህን ስሰማ ነው አንገቴን የደፋሁት።

ደብተሯ በሙሉ ተመረመረ። ጥናቱ ከመጀመሪያው እንደገና ይሠራ ተባለ። ዶክተር ሰላማዊት ውጤቱን ላሳዩዋቸው ሰዎች ሁሉ ስህተት መሆኑን ጻፉ፤ ደብዳቤው ላይ የእኔን ስም አልጠቀሱም፤ «በክፍላችን የዕቃ አስተጣጠብ ጉድለት» ብለው ራሳቸው ፈረሙበት። እኔ ከኃላፊነቴ ተነስቼ ወደ ጡረታዬ የቀሩትን ወራት መጋዘን ውስጥ እንድሠራ ተወሰነ። ይግባኝ አላልኩም።

ከመሄዴ በፊት ነጃት በአዲስ ብልቃጥ ደግማ የሠራችውን ውጤት አሳየችኝ። ብሩ ይሠራል። ቀለበቱ ግን ቀጭን ነው፤ በአንዳንድ ባክቴሪያ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። ወደ መድኃኒትነት ለመድረስ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል፤ ለሰው ሥጋ ደህና መሆኑም ለብቻው መጠናት አለበት። «ያነሰ ነው፤ ግን የራሱ ነው ጋሼ» አለችኝ። አሠራሩ የሚጻፍበት ገጽ ላይ ብልቃጦቹ ስንት ጊዜ እንደታጠቡ በቁጥር ጽፋለች። ቁጥሩን የጻፈችው ማጠቢያው ክፍል ገብታ፣ ቆማ ቆጥራ ነው።

ለወጣት የሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ዕቃ የሚያጥበውን ሰው ስንት ጊዜ እንዳለቀለቀ ጠይቁት። ሽማግሌም ቢሆን፣ ቢቆጣም፣ ሁለተኛ ጠይቁት። እናንተም ስትጠየቁ ቁጥሩን ተናገሩ። ከላቦራቶሪ የወጣ ያልተፈተነ ነገር ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒት አይሆንም። ሐኪም ሰኞ ኑ ካለ ሰኞ ሂዱ።

በጠቅላላ ለእያንዳንዳችን የደረሰን ኪሳራ ይህ ነው። ለነጃት ጥናቷ የዘገየበት አሥር ወር። ለዶክተር ሰላማዊት ፊርማቸው ያለበት የስህተት ደብዳቤ። ለአስቴር፣ በተናገርኩ ቁጥር ደግማ መጠየቅ። ለእኔ ኃላፊነቴ። ለሊዲያ ሁለት የእግር ጣት።